ከሮብ ገበያ የመጣው ሃያ ቁና ዱቄት

ደብረ ማርቆስ፣ ከጣሊያኑ ምሽግ በር ላይ አህዮቼን ሳቆም በእጄ የያዝሁት ወረቀት ሃያ ቁና ዱቄት ይላል። ስልቾቹ ውስጥ ያለው ግን አሥራ ዘጠኝ ነበር። አንዱን ቁና ከሮብ ገበያ ወጣ እንዳልሁ ጫካ ለሚያድሩት ወገኖቻችን ሰጥቻለሁ። ተቀማሁ እንዳልል ማንም አልቀማኝም፤ ራሴው ነኝ ስልቻውን የፈታሁ። ጣሊያን እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንደሚያደርገው ከገበያው ዳር ያለው ዛፍ ይናገራል።

የሮብ ገበያው ምሽግ ሚዛን የለውም፤ ዱቄቱን በቁና አሰፍሮ ከእኔ ገዛና ለማርቆሱ ዳቦ ቤት አድርስ አለኝ። ከሃያ ውስጥ አንድ ማን ያያል ብዬ ነበር። ነጋዴ የሌላውን ሞኝነት ሲያሰላ የራሱን መቁጠር ይረሳል።

የማርቆሱ ስንቅ ቤት ሹም ሚዛን ነበረው። ከአንዱ ስልቻ አንድ ቁና አሰፈረ፣ መዘነ፣ ኪሎውን በሃያ አባዛ። ቀጥሎ ጭነቱን በሙሉ መዘነ። ሁለቱ ቁጥሮች አልተገናኙም።

‹‹አራት ቁና ይጎድላል ይላል›› አለኝ አስተርጓሚው። ‹‹ለሽፍታ ሰጠህ ወይ? ይላል።››

አራት! አንዱንስ አውቀዋለሁ፤ ሦስቱን ማን በላቸው?

‹‹እንደሰፈሩልኝ ነው ያመጣሁ፣ ጌታዬ›› አልሁ። ሹሙ በእርሳሱ ወደ በሩ ሲያመለክት ሁለት ወታደሮች ክንዴን ያዙ።

ይኼኔ ከምድጃው በኩል ዳቦ ጋጋሪዋ መጣች። የከተማችን ሴት ናት፤ ሊጡ እስከ ክርኗ፣ ቁጣዋ እስከ አናቷ።

‹‹እሳቱ ሊጠፋብኝ ነው፣ እናንተ እዚህ ትጨቃጨቃላችሁ?›› ብላ እጇን ስልቻው ውስጥ ሰደደች። ‹‹ይኼማ ተጠቅጥቋል! ቀኑን ሙሉ አህያ ጀርባ ላይ ሲናጥ የዋለ ዱቄት ነው። ሮብ ገበያ ሲሰፈር ገና ከወንፊት የወረደ፣ ያልረጋ ነበር። አንዱን ቁና ነፍተህ መዝነው በለው።››

አስተርጓሚው ሲነግረው ሹሙ እሺ አለ። እኔ ግን ባሰብኝ። እሷ ሦስቱን ብትመልስልኝ፣ አራተኛው የእኔው ጉድ ነው፤ ወንፊት አያመጣውም።

ወንፊቱን ከራሷ በላይ አንስታ ነፋች። ዱቄቱ እንደ ጉም ቁናው ላይ ወረደ። አንዱ ወታደር ሊደለድለው እጁን ቢሰድ ‹‹እጅህን ሰብስብ!›› ብላ ጮኸችበት። ቋንቋው ባይገባውም ሰበሰበ። ቁናውን እንደ ተኛ ሕፃን አቅፋ ሚዛኑ ላይ አኖረችው።

የተነፋው ቁና ከፊተኛው በጣም ቀለለ፤ ሹሙ በሃያ አባዛ። ደግሞ አባዛ። ግንባሩ ተቋጠረ።

‹‹አሁን ደግሞ ተርፏል ይላል›› አለ አስተርጓሚው። ‹‹ከየት አመጣኸው? ይላል።››

ጉድ ፈላ! ትርፍም እንደ ጉድለት ሊያሰቅል ነው።

‹‹ምርቃት ነው በለው›› አልሁ። ‹‹በእኛ አገር ሰፍሮ ሳይመርቅ የሚሸጥ ነጋዴ የለም።››

ሹሙ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ወታደሮቹ ክንዴን ለቀቁኝ።

ስልቾቹን ሳራግፍ ጋጋሪዋ አጠገቤ ቆመች።

‹‹ስንት ሰጠሃቸው?›› አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ዓይኗን ከዱቄቱ ሳታነሳ።

‹‹አንድ ቁና፣ እትዬ።››

‹‹አንድ ብቻ? አንተ ንፉግ! በሚመጣው ሁለት ስጣቸው። ክንዴ ገና አልደከመም።››