ጓዳዬ ውስጥ ያፈራው አናናስ

መጀመሪያ የተሰማኝ ከታችኛው መደርደሪያ መጽሐፍ ላነሣ ጎንበስ ስል ነው። መርሳ ከተማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ፤ ፊደል የቆጠርሁት ከትዳር በኋላ በማታ ትምህርት ስለሆነ ወድቆ ያየሁትን መጽሐፍ አላልፍም። ጀርባዬ መሐል ምስማር የተመታ መሰለኝ። ብርድ ነው አልሁ። ሰውም ብርድ ነው አለኝ።

ጎረቤቴ እትየ ዘሀራ ለወገቡም ለጉልበቱም መድኃኒቱ የወይባ ጢስ ነው የሚሉ ሴት ናቸው። ጉድጓድ ተምሶ የወይባ እንጨት ይጨስበታል፤ ቡልኮ ተከናንቦ ከላዩ መቀመጥ ነው። የእሳቸው ወለል ሲሚንቶ ስለሆነ ጉድጓዱ የተማሰው እኔ ጓዳ ነው። ለሳምንታት ታጠንሁ። ላቡ ደስ ይላል፤ ሕመሙ ግን ባሰ።

አንድ ቀን ከጢሱ ስነሣ እትየ ዘሀራ ጮኹ። ፍም ባቴን አቃጥሎታል። ቆዳዬ ተልጧል። እኔ አልተሰማኝም። ልቁም ስል ወደቅሁ።

ወልድያ ወሰዱኝ። ኤክስሬይ ተነሣሁ፤ ለኤምአርአይ ደሴ ደርሼ ተመለስሁ። ሐኪሙ ቃል የማያባክን ወጣት ነበር።

«ብርድ አይደለም። የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ ነርቩን ተጭኖታል።»

«በእግሬ እሄዳለሁ?»

«መድኃኒቱን ዓመቱን ሙሉ ሳታቋርጪ ከወሰድሽ ተስፋ አለኝ። ካቋረጥሽ ቃል አልገባልሽም።»

ከዚያ ወዲህ የቀረኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ አለማቋረጥ። ሪፋምፒሲን የሚባለው ኪኒን ሽንትን ብርቱካንማ እንደሚያደርግ ተነግሮኝ ነበር፤ ረስቼው ደም መስሎኝ ቤቱን በለቅሶ አናወጥሁት። ይኸን ኪኒን የምትውጡ፣ እናንተ አትደንግጡ።

እትየ ዘሀራ በቃጠሎው አፍረው ከደጄ ጠፉ። ሲመጡ አናናስ ይዘው መጡ፤ ሾፌር ልጃቸው ከደቡብ ያመጣላቸው። መርሳ ብርቱካንና ፓፓያ ቢሞላም አናናስ ብርቅ ነው።

«ብይው ልጄ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

«አንቱ ባያዩት ቃጠሎውን ማን ያይልኝ ነበር?» አልኋቸው። እውነቴን ነው፤ እግሬ መደንዘዙን ያወቅነው በዚያ ነው።

የአናናሱን አናት አልጣልሁትም። ከግብርና መጽሐፍ እንዳነበብሁት ጠምዝዤ ነቀልሁት፣ የታችኞቹን ቅጠሎች ላጥሁ፣ የተነቀለበት እስኪደርቅ አቆየሁትና አሸዋ በተቀላቀለ አፈር፣ ታቹ በተበሳ የዘይት ቆርቆሮ ተከልሁት። ጓዳው መስኮት ሥር ተኝቼ ስለነበር አጠገቤ አስቀመጥሁት። ከመሐሉ አዲስ ቅጠል ብቅ ባለበት ሳምንት የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። አንዱ ሌላውን አላመጣውም፤ ይሁን እንጂ ለሁለቱም እልል አልሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መርሳ ደረሰ። ሕክምና ቆመ። መብራት ጠፋ። መድኃኒት የምትሰጠኝ ነርስ ከመሄዷ በፊት የቀረኝን በሙሉ አምጥታ «ከእህሉ በፊት ይኸን ደብቂ» አለችኝ። በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ከአናናሱ ቅጠሎች ሥር ሸጎጥሁት። ቤታችን ተፈተሸ። ሣጥኑ ተገለበጠ። ከፈታሾቹ አንዱ እጁን ወደ ቅጠሉ ሰደደ። እሾሁ ወጋው። ትቶት ወጣ።

አንድም ቀን ሳላቋርጥ ዋጥሁ።

መንገዱ ተከፍቶ፣ ሕክምናው ተመልሶ፣ የመጨረሻዋን ኪኒን ውጬ ወልድያ ስሄድ ከባጃጁ የወረድሁት በራሴ እግር ነው፤ ሐኪሙም ኮሪደሩን እስከ ጫፍ አስኪዶኝ፣ ዞሬ እስክመለስ ቆሞ ጠበቀኝና «በቃ፣ ጨርሰሻል» ሲል ያ ቃል የማያባክነው ሰው ሁለት ጊዜ ደገመው።

አናናሱም እቅፍ አልበቃ ብሎት ጓዳውን ያዘ፤ አበባ ግን የለውም። በዚህ መሐል እትየ ዘሀራ ጉልበታቸውን ይዘው እያነከሱ መጡ።

«አንች፣ ያቺ ጉድጓድ አለች?»

«አለች። መጀመሪያ ግን ይመርመሩ።»

«ተመረመርሁ! እርጅና ነው አሉኝ፤ ለእርጅና ደግሞ ጢስ አልተከለከለም።»

ጥቂት ቀን ታጠኑ፤ ጓዳውም አናናሱም አብረው ጨሱ። ቅጠሉን አጥቁረውብኝ ስነጫነጭ ሰነበትሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ከመሐሉ ቀይ እምቡጥ ብቅ አለ። መጽሐፉን ገለጥሁ፤ ጢስ ለማበብ የደረሰን አናናስ ያሳብባል ይላል።

«አላልሁሽም? ወይባ ያድናል!» አሉ፣ ለመዝለል ጥቂት በቀረው ጉልበታቸው።

«አናናሱን ነዋ!»

«አልሐምዱሊላህ፣ አንዳችሁን ይዞልኛል!»

ፍሬው ከጡጫ ብዙም አይበልጥም፤ ሽታው ግን ጎረቤት ጠራ። ለነርሷም ቁራጭ ደረሳት። እሷ ያንን መድኃኒት ባታደርስልኝ፣ እትየ ዘሀራ ባይጮኹ፣ ዛሬ ይኸን ቁሜ አልጽፍም ነበር።

ለታመማችሁ የምለው ይኸ ነው፦ ከሌሊት ላብና ከክሳት ጋር የመጣ የጀርባ ሕመም፣ እግር ካደነዘዘ ደግሞ ሳይውል ሳያድር፣ ለሐኪም ይታይ። መድኃኒታችሁን ስለተሻላችሁ አትተዉ። ጢስና ጸበል ይዞ የመጣላችሁን ወዳጅ አትቆጡ፤ አብሯችሁ ሐኪም ቤት ይሂድ።

የአዲሱን ፍሬ አናት ግራና ከተማ ላለች፣ በእኔው ሕመም ለተኛች ልጅ ወሰድሁላት። ከመኪና ወርጄ ቤቷ ድረስ በእግሬ ሄድሁ።

«መቼ ነው የሚያፈራው?» አለችኝ።

«አንቺ መድኃኒትሽን ጨርሰሽ ከተራመድሽ በኋላ። እምቢ ካለም እትየ ዘሀራን ይዤልሽ እመጣለሁ።»