የደመወዝ መስኮቱ የተዘጋ ጊዜ

አሰላ ውስጥ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ለስምንት ዓመት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ወር ሲያልቅ ከአንዲት ትንሽ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ለሠራተኛው ደመወዙን እሰጣለሁ። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ስለሚያናግረኝ የተከበርኩ ይመስለኝ ነበር። መስኮቷ ዝቅ ብላ መሠራቷን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

አንድ ሐምሌ ከባንክ ሁለት ወጣቶች መጡና ግቢያችን ውስጥ ጠረጴዛ ዘረጉ። ከእንግዲህ ደመወዝ በየሰው ሒሳብ ይገባል፤ ሠራተኛው ደመወዙን አስይዞ መበደር ይችላል፤ ይህ ሁሉ ፋብሪካው ያመጣልን ጥቅማ ጥቅም ነው አሉ። ለሚመዘገብ ሰው ጃንጥላ ይሰጣል። እየዘነበ ስለነበር ብዙ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

የሠራተኛውን ምሳ የሚያበስሉት ሴትዮ ተራቸው ሲደርስ በኦሮምኛ ጠየቁ።

«ባለቤቴ ሄዶ ማውጣት ይችላል?»

«አይችልም፤ ከእርስዎ በቀር ማንም አያወጣም» አለቻቸው ወጣቷ።

«ወንድሙስ?»

«ወንድሙም።»

«እንግዲያው መዝግቢኝ።»

አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ምንም አላሰብኩም።

የደመወዝ ቀን ባለቤታቸው እንደ ልማዳቸው መጡ። በሳጉሬ ገበያ የእህል ደላላ ናቸው። ሚስት ጠዋት ይፈርማሉ፣ ባል ረፋድ ላይ መጥተው ይወስዳሉ። ሥራውን ስረከብ እንዲያ ሲደረግ ስላገኘሁት እኔም እንዲያው ቀጠልኩ።

«አምጣ እንጂ» አሉኝ።

«ባንክ ገብቷል፣ ጋሼ።»

«የማን?»

«የሁሉም።»

«የእሷን ማለቴ ነው።»

«የእሳቸውም።»

ጎንበስ ብለው በመስኮቷ ወደ ውስጥ አዩ። «ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

እኔም አላውቅም ነበር።

ወደ ወጥ ቤት ሲያመሩ ፈራሁና ተከተልኳቸው። ሚስታቸው ሽንኩርት እየከተፉ ነበር።

«የባንኩን ካርድ አምጪ» አሏቸው።

«ለሰው አይሰጥም። ሕጉ ነው።»

«የማን ሕግ?»

«የፋብሪካው። ጥቅማ ጥቅም ነው።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞሩ። በስምንት ዓመት ውስጥ ለእኚህ ሴት የጠቀምኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እውነታቸውን ነው» አልኩ።

ባልየው ተቀምጠው ምሳቸውን በሉና ሄዱ።

«እትዬ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

ቢላዋውን አላቆሙም። «ምን ብዬ ልንገርህ? በየወሩ ፊትህ እፈርም ነበር። ባዶ እጄን ስመለስ ታየኝ ነበር።»

ሽንኩርቱን ላግዝዎት ወይ አልኳቸው። ፈቀዱ። አከታተፌን አይተው ቢላዋውን መልሰው ወሰዱ።

በዓመቱ በደመወዛቸው ተበድረው ከቤታቸው ጀርባ ሁለት ክፍል ሠሩና ለተማሪዎች አከራዩ። ባለቤታቸው ሁለት ወር አኩርፈው ከረሙ፤ በሦስተኛው ወር የአጥር እንጨት ራሳቸው ገዝተው መጡ። እንጨቱ ጥሩ እንደነበር ሴትዮዋ ነግረውኛል፤ ሌላ አልጨመሩም።

እኔ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውሬያለሁ። አንዱ የሌላውን ዕቃ ሊወስድ ሲመጣ የዕቃውን ባለቤት አስጠርቼ «ልስጠው ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሥራ ታጓትታለህ ብለው ሁለት ጊዜ ከስሰውኛል።