ማንም ያልሰማው ተኩስ

ጥቅምት ነበር፤ ቡናው ቀልቶ ለቀማ ሊጀመር ሲል። በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ እናንተ ሳትወለዱ። ከወርቃ መንደር ወዲህ አንድ ነብር ፍየሉን ፈጅቶ ወደ ጥጃ ተሸጋገረና ሴቶቹ «ቡናው ውስጥ አንገባም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ዲላ ድረስ ልከው እኔንና ጅግሶን አስጠሩን። ጅግሶ ከልጅነቴ ጀምሮ የአደን ጓደኛዬ ነው። ከእኔ የተሻለ ተኳሽ ነበር፤ ይህን ለመናገር ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አትጠይቁኝ።

ያን ሰሞን ቅናት አንጀቴን ይበላው ነበር። በጋውን ሁለታችን አንድ ፈረንጅ አዳኝ መርተን ነበር። ዱካ ያገኘሁ እኔ፣ ድንኳን የተከልኩ እኔ፤ ሰውየው ሲሄድ ግን ሽጉጡን ለጅግሶ ሸለመው። እንዲያው ሽጉጥ አይምሰላችሁ፤ በየጥይቱ ማቀባበል የማይፈልግ፣ አፉ ላይ ድምፅ ማፈኛ ቱቦ የሚጠመዘዝበት ነው። ለእኔስ? አንድ ጥንድ ካልሲ።

ወርቃ እንደደረስን ሽጉጡን ቱቦው እንደተገጠመበት ጉቶ ላይ ሞከርነው። ድምፁ ሲኒማ ላይ እንደምታዩት ትንፋሽ ብቻ አይደለም፤ ጣውላ በጣውላ ሲመታ ነው የሚመስለው። ቢሆንም ከቁልቁለቱ በታች ያሉት ሰዎች ቀና እንኳ አላሉም። ሁለተኛውን ሲስብ ግን ነከሰ፤ ቀለሁ ሳይወጣ ተቀርቅሮ ቀረ። ቱቦውን ፈትቶ ሲተኩስ ካዝናውን ሙሉ ሳይደናቀፍ ጨረሰው። መልሶ ሲገጥመው ያው ነከሰ።

«ቱቦው አፈሙዙን ከብዶት ነው፤ የላይኛው ብረት እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አይመለስም» አለ ጅግሶ።

«እንግዲያው ፈትተህ ተወው» አልኩት። ለነፍሱ ያሰብኩ እንዳይመስላችሁ፤ እንዳይደነቅብኝ ብዬ ነው።

«ይህ ነብር ተኩስ ያውቃል፤ ሰዎች ስተው ስተው አስተምረውታል። በዚህ ግን ብስተው እንኳ አይበረግግም። ደግሞ አንዷ ትበቃኛለች» አለኝ።

በማግስቱ ማለዳ ጉሙ እንሰቱን ሸፍኖታል፤ ከየቅጠሉ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ጭቃው ላይ ያለው ዱካ ክብ፣ የጥፍር ምልክት የሌለው፣ ገና ውሃ ያልሞላው ነበር። የመንደሩ ሰው ወንዙ ዳር ቀረ። የእኔ ምንሽር ረጅም ስለሆነ እንሰቱ ውስጥ እየተጋጨ ሲያስቸግረኝ፣ ጅግሶ በዚያ ሽጉጡ አሥር እርምጃ ቀደመኝ።

ነብሩ ብርብራ ዛፍ ላይ ተጋድሞ ነበር። ጅግሶ ሽጉጡን በሁለት እጁ ይዞ ተኮሰ፤ ያቺው የጣውላ ድምፅ። ነብሩ ጎኑን ተመትቶ ተወራጨ። ጅግሶ ደገመ፤ ነከሰበት። ሊያቀባብል ሲል ጭቃ የነካው እጁ አዳለጠውና ነብሩ ላዩ ላይ ወረደበት። ጅግሶ ጉሮሮውን ለማዳን ግራ ክንዱን ነብሩ አፍ ውስጥ ከተተ። «ተኩስ እንጂ» አለኝ፤ አልጮኸም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እግሬ ወዲያው አልተነሳም። ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ከዚያ ሮጬ አፈሙዙን ነብሩ ጆሮ ሥር ደቀንኩና ለቀቅኩበት። ሸለቆው አስተጋባ፤ ሰዉም እየጮኸ ሽቅብ መጣ።

እነሱ የጅግሶን ክንድ ሲያስሩ ቆዳውን የገፈፍኩት እኔ ነኝ። የእሱ ጥይት ጎድኑ መሃል ገብታ ሳንባውን በስታለች፤ ነብሩ የሞተ ነበር፣ እኔ አፋጠንኩት እንጂ። ቀዳዳዋ የምስር ፍሬ ታህላለች። ቢላዬ ያመለጠኝ አስመስዬ ሸረከትኳት።

በአገሩ ወግ ግዳዩ መጀመሪያ ላደማው ነው፤ ማንም ይጨርሰው ማን። አንድ ሽማግሌ ጠየቁ፤ «የፊተኛውን ደም ማን አፈሰሰ?»

«እኔ ነኝ አባባ» አለ ጅግሶ። «እሱ ሰምቷል።» ከዚያ አየኝ።

«እኔ የሰማሁት የራሴን ጠመንጃ ነው» አልኩ።

ሽማግሌው ሳቁ። «እኛም የሰማነው አንድ ተኩስ ነው። ድምፅ የሌለው ጥይት ደግሞ የት አገር አለ?» አሉና ለገዳይ የሚቀባውን ቅቤ አናቴ ላይ አደረጉት። ጅግሶ አልተከራከረም። ከዚያ ወዲያ ግን አብሮኝ አደን አልወጣም። አገሬውም «ነብር ያኘከው» የሚል ስም አወጣለት፤ እስኪሞት ይኸው ነበር ስሙ።

እናንተ ስለ ሽጉጡ ነው የጠየቃችሁኝ። ቱቦው ድምፅ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ቱቦ የተገጠመበትን እንዲያ ያለ ሽጉጥ ደግሞ በየተኩሱ በእጅ ካላቀባበላችሁት ጉድ ይሠራችኋል። ይህን ያስተማረኝ ጅግሶ ነው። ቅናት ምን እንደሚያደርግ ግን ራሴው ነኝ የተማርኩት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጅግሶ ሲሞት ለቅሶው ላይ ግዳዮቹ ተቆጠሩ፤ ጎሹ፣ ከርከሮው፣ አጋዘኑ። ነብሩ የለም። አልቻልኩም፣ ተነሳሁ። «ነብሩም የእሱ ነው! መጀመሪያ ያደማው እሱ ነው፤ እኔ ዋሽቼ ነው» አልኩ።

ከለቀስተኛው መሃል አንድ አዛውንት እንባቸውን ጠረጉ። «አያችሁ ወዳጅ ማለት? የገዛ ግዳዩን ለሟች ሰጠ» አሉ። ሌሎቹም እየተነሱ መረቁኝ። የጅግሶ ሚስት ብቻ ቀና ብላ አየችኝና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«እድሜ ይስጥህ» አሉኝ።

እኔም አሜን ብዬ ተቀመጥኩ።