በመንገዱ መሃል ያለፈው መስመር

እትዬ ሜትር ልትፈታው የተነሳችው ችግር ሲያወሩት ቀላል ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር በመንገዱ መሃል ያለው ቦይ ይገነፍላል፤ ውሃውም ግራ ቀኝ ሳይል የሁሉንም ደጃፍ አልፎ ቤት ይገባል። ቦዩ ደለል ሞልቶታል፤ ክዳኑም ከተሰበረ ቆይቷል። ማን ይጠግነው? ነገሩ የተወሳሰበው እዚህ ላይ ነው።

እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ስለምትውል ግን ሰፈሩ ያንን ስም ረስቶታል። የልብስ ስፌት ቤቷ የመኖሪያ ቤቷ የፊት ክፍል ነው፤ መኪናዋ በመስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ የጨርቁ መደርደሪያ ውሃ እንዳይደርስበት በአራት በአራት ጡብ ከፍ ብሏል። ባለፈው ክረምት ግን ጡቡም አላዳነም። ተሰፍተው ያለቁ አርባ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሞች ጭቃ ጠጥተው አደሩ። በማግሥቱ ለምክር ቤቱ ተወካይዋ ደብዳቤ ጻፈች። «ቦዩ የሚገኘው በስምንት ቁጥር የምርጫ ክልል ስለሆነ አይመለከተንም» የሚል መልስ መጣላት። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይም ለራሱ ተወካይ ጽፎ ነበር። የእሱ መልስ ደግሞ «በሰባት ቁጥር ስለሆነ» ይላል።

ሁለቱ ደብዳቤዎች በፀጉር ቤቱ መስታወት ሥር ጎን ለጎን ተዘረጉ።

«እትዬ ሜትር፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል አይደል የሚባለው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን በአየር ላይ እያንቀጫቀጨ። «እኛ ይኸው ሁለት ተወካይ ተክለን መሬት ለመሬት እንንፏቀቃለን!»

«አንተ ቀልድ። የእኔ ዩኒፎርም ነው የጠፋው።»

«የእኔስ ወንበር? እግሩ በስብሶ ደንበኛዬን ግማሽ ጢሙ እንደተላጨ ጣለብኝ እኮ!»

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አካባቢው በምርጫ ክልሎች ተከፋፍሏል፤ እያንዳንዱ ክልል አንድ ሰው መርጦ ወደ ምክር ቤቱ ይልካል። የአንዱ ድምፅ ከሌላው እንዳያንስ በየክልሉ ያለው ሕዝብ ተቀራራቢ መሆን አለበት። ስለዚህ መስመሩ የሆነ ቦታ ማለፉ ግድ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያሰምር በካርታው ላይ ያቺን ቀጭን ሰማያዊ ቦይ አየ፤ እርሳሱንም በላይዋ አስኬደ። በወረቀት ላይ ቀጥ ያለ፣ ለዓይን የሚያምር መስመር ነው። የእትዬ ሜትርን ቤትና የቀኙን ወገን ለሰባት፣ የፀጉር ቤቱንና የግራውን ወገን ለስምንት ሰጥቶ፣ ቦዩን ለማንም ሳይሰጥ አለፈ።

ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ የክር ማጠንጠኛዎቹን ስታሞቅ፣ እትዬ ሜትር መኪናዋ ላይ እንደተደገፈች ሸለብ ያደርጋት ጀመር። በዚያ ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ መንገዱ ጨርቅ ይሆናል። ቦዩ የተተረተረ ስፌት ነው፤ ግራና ቀኙ ቀስ እያለ ይራራቃል፤ ቤቶቹ ከነመስኮታቸው ጭጋግ ላይ ይንሳፈፋሉ። ፀጉር አስተካካዩ ከማዶ ፎጣ ያውለበልብላታል፤ ድምፁ ግን አይደርስም። እሷ በጥርሷ መርፌ ነክሳ ሁለቱን ጠርዝ ለማገናኘት እጇን ትዘረጋለች። ሊነካኩ አንድ ጣት ሲቀራቸው ትነቃለች።

መስመሩ በየአሥር ዓመቱ እንደሚከለስ፣ የሚከልሰው የምርጫ ኮሚሽንም ከነዋሪው ሐሳብ እንደሚቀበል የሰማችው ከሬዲዮ ነው። መቀሷን አስቀምጣ ተነሳች። ካርታ ገዛች፤ በኖራ ወደ ጨርቅ ገለበጠችው፤ የግራውን ወገን ከስምንት ቆርጣ በሰባት ላይ ሰፋች። ከአንድ ወገን የተወሰደ ለዚያው ወገን መመለስ እንዳለበት ከሙያዋ ታውቃለችና፣ ከሰባት ደግሞ በስፋት እኩል የሆነ ቁራጭ ቆርጣ ለስምንት ሰጠች። ሥራው እጅግ አማራት። ጠቅልላ ወደ ኮሚሽኑ ቢሮ ወሰደችው።

የተቀበለቻት ባለመነጽር ወጣት ሠራተኛ ነበረች። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በአድናቆት ዳሰሰችው።

«በጣም ያምራል። ይሄ አረንጓዴው ምንድን ነው፣ እናቴ?»

«ኮረብታው ነዋ። ለስምንት የመለስኩት። በሚሊሜትር ነው የለካሁት።»

«ማን ይኖርበታል?»

«ፍየሎች።»

ባለመነጽሯ ከንፈሯን ነከሰች። «እነሱ የመራጮች መዝገብ ላይ አሉ?»

ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ልጅቷ ወንበሯን አስጠግታ አስረዳቻት፦ «እዚህ ስፋት አይለካም። የሚቆጠረው ሰው ነው። ጠባቧ ሰፈር ሰው ከሞላባት ትልቅ ናት። የእርስዎ የግራ ወገን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አለው። ከሰባት የዚያን ያህል ሰው ካልወጣ አይሆንም። የሚወጡትም መስማማት አለባቸው።»

እትዬ ሜትር ግንባሯን መታች። «ሠላሳ ዓመት ሰው ስለካ ኖሬ ዛሬ ጨርቁን ለካሁ!» አፈረች፤ ግን ወደ ቤቷ ስትመለስ እርምጃዋ ቀሎ ነበር። አዲስ ልኬት የተማረ ሰው ደስታ ነበራት።

ለሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት መስመሩን ተከትላ ተጓዘች። መስመር ግን መሬት ላይ የለም። በወፍጮ ቤት ጓሮ ያልፋል፣ የእግር ኳስ ሜዳውን ከማዕዘን ማዕዘን ይቆርጣል፣ በአንድ ቤት የልብስ ማስጫ ገመድ ሥር ሾልኮ ይሄዳል፤ አንሶላው በሰባት ተሰቅሎ በስምንት ይደርቃል። በጠዋቱ ጭጋግ ውስጥ ስትሄድ አንዳንዴ የሌላ ሰው ሕልም ጠርዝ ላይ የምትራመድ ይመስላት ነበር። በሦስተኛው ቀን የጡብ ሠራተኞች ሰፈር ደረሰች፤ በሰባት ጠርዝ ያለች፣ ሦስት መቶ ያህል ሰው የሚኖርባት ሰፈር። ልቧ ዘለለ። ዳቦ ቤት ገብታ ሐሳቧን ዘረገፈች።

ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄት የነካ ክንዷን ወገቧ ላይ አደረገች። «አንቺ ሴትዮ፣ እኛን ቁራጭ ጨርቅ አደረግሽን? የቧንቧ ውሃ ያስገባልን የሰባቱ ተወካይ ነው። ንቅንቅ አንልም!»

«እሺ፣ አትቆጪ። ጠየቅኩ እንጂ አልቆረጥኩ።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት፤ ቁጣዋም አብሮ በረደ። «ይልቅ ከዱቄት መጋዘኑ ጀርባ ያሉትን ለምን አትጠይቂም? የስምንት ቁጥር ሰዎች ናቸው። ውሃ የሚቀዱት ከእኛ፣ ዳቦ የሚገዙት ከእኔ። እህቴ እዚያ ነው የምትኖረው፤ በየምርጫው ምነው ከእናንተ ጋር በሆንኩ ትላለች።»

እትዬ ሜትር ዳቦውን ይዛ በር ላይ ቆመች። እነዚያ ወደ ሰባት ከመጡ፣ ከሰባት ወደ ስምንት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። መንገዱን አንድ ማድረግ የሚቻለው ግራውን ወደ ቀኝ በማምጣት ብቻ አይደለም፤ ቀኙን ወደ ግራ በመውሰድም ነው። በቀኙ ወገን ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ሰው አለ። ከእነሱ አንዷ ራሷ ናት።

ከመጋዘኑ ጀርባ ያሉት ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ ሆኑ፤ በአንድ ሳምንትም ወደው ፈረሙ። ባለመነጽሯም የሰባት ነፍስ ልዩነት ችግር እንደሌለው ነገረቻት፤ ከቀኙ ወገን አርባ ስድስት ቤቶች የሠላሳ አንዱ ፊርማ ከመጣ ሐሳቡ ለውሳኔ ይቀርባል። አንድ ቤት ፈረመ የሚባለው ግን በውስጡ ያሉት መራጮች ሁሉ ሲፈርሙ ነው።

እትዬ ሜትር በየደጃፉ ዞረች። ሃያ አራት ቤት ፈረመ። ከዚያ በኋላ ግን የምታንኳኳቸው በሮች ሁሉ አንድ መልስ ይሰጧት ጀመር፦ «መጀመሪያ ሾፌሩን አስፈርሚ!»

ሾፌሩ ባሏ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጥቷል።

«አልፈርምም» አለ ጋዜጣውን ሳያወርድ። «እኔ የሰባት ሰው ነኝ።»

«ዝናቡ ሲመጣ ጫማህ ሳሎን ውስጥ ሲንሳፈፍ የስንት ሰው ነህ?»

«ጫማዬ የፈለገበት ይመዝገብ።»

ተሟገተችው፤ ደብዳቤዎቹን አሳየችው፤ ጨርቁን ዘረጋችለት። ምንም። አንድ ቀን ከሰዓት፣ የሸሚዙን ኮሌታ እየገለበጠችለት ሳለ፣ እሱ ሳይጠየቅ ተናገረ። ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ ነበር።

«የሰባት ምርጫ ጣቢያ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቶቡስ ጋራዡ ነዋ።»

«ጋራዡ» አለ። «በአምስት ዓመት አንዴ ሁላችንም እዚያ ሰልፍ ላይ እንገናኛለን። የቀረነው ስድስት ነን። የሦስተኛው መስመር ሾፌር፣ ቲኬት ቆራጯ፣ መካኒኩ… ሰልፉ ረጅም ነው፤ ማንም አይቸኩልም። ሌላ ቀን ማን ማንን ይጠራል?»

እትዬ ሜትር መርፌዋን አቆመች። ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ሰው ስትቆጥር ይህን አልቆጠረችም ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀቱን አታነሳበትም። ኮሚሽኑ ሐሳብ መቀበሉን ሊያቆም ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ስፌት ቤቷን ዘግታ፣ «ና እግራችንን እናፍታታ» ትለዋለች። ቦዩን ተሻግረው፣ በፀጉር ቤቱ በኩል አልፈው፣ የስምንት ምርጫ ጣቢያ ወደሆነው ቤተ መጻሕፍት ይሄዳሉ፤ ሰፊ በረንዳና አሮጌ ዛፎች አሉት። በመጀመሪያው ቀን ከመንገዱ ተመለሰ። በሦስተኛው በሩ ድረስ መጣ። ትናንት የሦስተኛው መስመር ሾፌር በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኙት፤ ምርጫ ሳይጠብቁ እዚህም መገናኘት እንደሚችሉ ባሏ እንዲያይ፣ እትዬ ሜትር ጠዋት ቤቱ ድረስ ሄዳ ለምናው ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ፍሬን ሲያወሩ መሸ።

ዛሬ ቲኬት ቆራጯን ፍለጋ ወጥታለች። አድራሻዋን የሚያውቅ የለም፤ ከዱቄት መጋዘኑ በላይ ባለው ዳገት ላይ ትኖራለች ብቻ ነው የሚባለው። እትዬ ሜትር በር በር እያንኳኳች ትወጣለች።