ልጅ የለም ብለን የገባንበት ቤት

ከነቀምት የወጣሁ ለት ማታ ቤቴን የሞላው ሰው ሊጸልይልኝ የመጣ ነበር፤ አከራዬ አዴ ዲንቄ ግን ለጸሎቱም ለቁልፉም ነው የመጡት። አቅፈውኝ አለቀሱ፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና "የጓሮው በር ቁልፍስ?" አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። አንድ ልጅ ነው ያለኝ ብዬ ገብቼ በሁለት የኖርኩ ተከራይ ነኝ።

ያው ታውቁታላችሁ፣ አከራይ ልጅ አይወድም። ስለዚህ ተከራይ ልጁን ይቀንሳል። መጀመሪያ ዕቃው ይገባል፣ ከዕቃው ጋር አንዱ ልጅ፤ ሌላው ደግሞ "የእህቴ ልጅ ነው፣ ለክረምት መጥቶ ነው" ተብሎ ይከተላል። ክረምቱም አያልቅም።

አባታቸው ካረፈ ወዲህ ልጆቹን ለብቻዬ ነው የማሳድገው። ላሊሴንና ናኦልን እናቴ ዘንድ ትቼ በነርስነት ጀርመን አገር፣ ሀምቡርግ ገባሁ። ዝናቡን ፈርቼው አልነበረም፤ ከወለጋ የሄደ ሰው ዝናብ ምን ያደርገዋል? ግን የእኛው ዘንቦ ይወጣለታል፣ የዚህኛው ቀኑን ሙሉ ሲነፋረቅ ይውላል። ሰዉ ደግሞ ደረጃ ላይ "ሃሎ" ብሏችሁ ያልፋል፤ በቃ፣ ሰላምታው አለቀ! እኔ ገና ስለ እናቱ ጤና ልጠይቀው ስል በሩን ዘግቶ ገብቷል።

ልጆቼን ለማምጣት ቤት ያስፈልገኝ ነበርና ቶሌራ የሚባል የአርጆ ልጅ አብሮኝ ይፈልግ ጀመር። ቶሌራ እዚህ ከመምጣቱ በፊት አስተማሪ ነበር፤ በዲጋም በኑኑ ቁምባም ተከራይቶ ስለኖረ "የአከራይን ነገር ለእኔ ተይው" አለኝ። ተውኩለት።

ያገኘልኝ ቤት መሀል ከተማ፣ ባቡሩ በደጁ የሚያልፍበት ሰፈር ነው። አከራይዋ ፍራው ክሩገር፣ ወይዘሮ ክሩገር እንደ ማለት ነው፣ ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ ባልቴት ናቸው። ሁለት ቁልፍ ይዘው ጠበቁንና አንዱን ቤት ከፈቱልን። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ጣውላ ነው፤ ፓርኬት ይሉታል። እኔ የማውቀው ወለል የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ስለሆነ ጫማዬን አውልቄ ቆምኩበት። ይሞቃል። ስራመድበት ሲጥ ይላል።

"ዋንዛ ነው?" አልኩት ቶሌራን በሹክሹክታ።

"እኔ ምን አውቄ! የእነሱ ዋንዛ ነው።"

ይሄኔ ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው "ኪንደር?" አሉኝ። ልጅ ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኝ ሁለት ጣቴን ላነሳ ስል ቶሌራ እጄን ያዘና "ናይን! ናይን!" አለ፤ የላትም ማለቱ ነው። አልበቃው ብሎ "ዝምተኛ ናት፣ ሰውም አይመጣባት" ብሎ ጨመረበት። እኔ! ቤቴ ሰው ጠፍቶበት የማያውቀው!

ፍራው ክሩገር ሁለተኛውን ቁልፍ ኪሳቸው ከተቱና ይሄኛውን፣ ባለ አንድ ክፍሉን ሰጡኝ።

"አየሽ?" አለኝ ቶሌራ ደረጃው ላይ። "አንዴ ግቢ እንጂ ልጆቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ።" እኔም የነቀምት ሰው ነኝና ነገሩ ልክ መሰለኝ።

ልጆቹን የማስመጫ ማመልከቻ ይዘን የውጭ ዜጎች ቢሮ ስንሄድ ሰውየው ወረቀቱን አገላብጦ "ለሦስት ሰው አንድ ክፍል አይበቃም" አለ።

"እኛ በአንድ ክፍል ሰባት ሆነን ነው ያደግነው" አልኩት በቶሌራ በኩል።

"የት ነበር የምትተኙት?"

"ወለሉ ላይ።"

"ወለል መኝታ አይደለም።"

"የዚህኛው እኮ ጣውላ ነው!" አልኩት። ቶሌራ ይህን አልተረጎመውም።

ያኔውኑ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ፍራው ክሩገር ዘንድ ሄድን። ቶሌራ አንገቱን ደፍቶ ሁለት ልጆች እንዳሉኝ ሲነግራቸው ሴትዮዋ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ።

"ልጆች? ታዲያ ለምን አልተናገራችሁም? ባለ ሁለት ክፍሉን ልጅ ላለው ሰው ብዬ እኮ ነው ያቆየሁት! የእኔ ልጆች ያደጉበት ቤት ነው። ልጅ የላትም ስትሉኝ ሳምንት ሳይሞላ ውሻ ላለው ሰው ሰጠሁት።"

ቶሌራ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ "ሰውየው… ውሻ እንዳለው ተናግሮ ነው የገባው?" ሲል ጠየቃቸው።

"እንዴታ! ስሙን ሳይቀር ነግሮኛል።"

ውሻ እንኳ ተነግሮ በሚገባበት አገር ልጅ ደብቀን አረፍነው። አሁን ከግድግዳው ወዲያ ውሻው በልጆቼ ወለል ላይ ጥፍሩን እያንቋቋ ሲመላለስ እሰማዋለሁ። ፍራው ክሩገር ሰውየው ከለቀቀ ቤቱ የአንቺ ነው ብለውኛል፤ ሰውየው ግን መጋረጃ እየሰቀለ ነው።

እሁድ ደወልኩ። ለእናቴ ሳስረዳት፣ ለካ ላሊሴ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ ኖሯል።

"እማዬ" አለችኝ፣ "ቤቱ ለአንድ ልጅ ከበቃ ናኦልን ውሰጂው። እኔ ትልቅ ነኝ፣ ከአያቴ ጋር እቆያለሁ።"

አሥር ዓመቷ ነው።

"ሁለታችሁንም ነው የማመጣችሁ" አልኳት።

"መቼ?"

"ሄሎ? ላሊሴ? ኔትወርኩ አስቸገረ፣ አይሰማም" አልኩ።

ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።