እጀታ የወጣለት ማንቆርቆሪያ

የሥዕል መምህሯን ልጆቹ «ቲቸር ጠብታ» ይሏታል፤ «አንድ ጠብታ ውሃ ጨምሩበት!» የሚለው ቃል ከአፏ አይጠፋማ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከቤቷ ማበጠሪያ፣ ቁልፍ፣ የተጣመመ ማንኪያ በዘንቢል ይዛ እየመጣች ጠረጴዛ ላይ ትደረድርና፣ «ዕቃውን አትሣሉልኝ፤ እሱማ ይኸው ቁጭ ብሏል። ስታዩት የሚሰማችሁን አፍስሱልኝ» ትላቸው ነበር። ልጆቹ ይስቃሉ። ከዚያ የማንኪያው ቅዝቃዜ፣ የቁልፉ ዝገት በእርጥብ ወረቀት ላይ ቀለም ሆኖ ይፈሳል።

አምና በወላጆች ቀን አንድ አባት የልጁ ሥዕል ፊት ቆሞ፣ «ዓመቱን ሙሉ የተማረው ይኼን ነው? ቀለም ተደፍቶበት እኮ ነው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ርዕሰ መምህሩ በማግስቱ ቢሮው ጠራት።

«እኔ ይገባኛል፤ ወላጅ ግን አይገባውም» አላት። «ዕቃው ዕቃ ይምሰል። ካልሆነ ክፍለ ጊዜውን ለሒሳብ እሰጠዋለሁ።»

ቤቷ ውስጥ አልጋ ላይ ከዋለች አራት ዓመት የሆናት ታላቅ እህት አለቻት፤ ከእሷ በቀር ጧሪ የላትም። «እሺ» ብላ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ዕቃውን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ትሥላለች፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ። አንድ ቀን ከመምህራን ክፍል የፈላ ማንቆርቆሪያ እንፋሎቱ እየተነነ አምጥታ አስቀመጠች። ሁሉም ከሰሌዳው ሲገለብጡ፣ ስሟ ሲጠራ እንኳ አንገቷን የምትደፋ አንዲት ልጅ ግን ወረቀቷን አርጥባ፣ ግራጫ በግራጫ ላይ እየለቀቀች እንፋሎቱን ብቻ ሣለች። ቲቸር ጠብታ ከኋላዋ ቆማ ቀረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ አይታ አታውቅም።

ቀና ስትል ርዕሰ መምህሩ በበሩ አጮልቆ ያያል።

ብሩሹን ከልጅቷ እጅ ወሰደች። በጥቁር ቀለም አፍ አወጣችለት፤ እጀታ ቀጠለችለት፤ ክዳን ደፋችበት።

«አየሽ? አሁን ማንቆርቆሪያ ሆነ» አለቻት። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«ቲቸር፣ ፈልቶ ነበር እኮ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

ዘንድሮ በወላጆች ቀን ሥዕሉ መሐል ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። «ቁርጥ የቤታችንን ማንቆርቆሪያ! እግዜር ይስጥልን» አለች የልጅቷ እናት በስልኳ ፎቶ እያነሳች። ልጅቷ መሬት መሬቱን ታያለች።

ቲቸር ጠብታ ለብቻዋ ጠርታ ይቅርታ ልትጠይቃት ቆርጣ ነበር። ሰኞ ክፍል ስትገባ ግን ልጅቷ ቀድማ ተቀምጣ በማስመሪያ እያሰመረች ኩባያ ትሥላለች፤ ልቅም ያለ ኩባያ፣ አንድም ቀለም ከመስመሩ ያልወጣ።

«ትክክል ነው፣ ቲቸር?» ብላ ወረቀቱን አነሳችላት።

«ትክክል ነው፣ የኔ ልጅ» አለቻትና ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች።