የልጆች እጅ የላጠው ቀለም

የአዳማው የልጆች መጫወቻ በተዘጋበት ዓመት የበደሉን ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረጀ ናቸው። የሚሽከረከሩትን የእንጨት ፈረሶች ለቁራሌ ሲሸጡ ትኬት ቆራጯን እኔንም መካኒኩን ጋሽ ለሜሳንም አላማከሩንም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ጋሽ ለሜሳ ባለፈው እሑድ ስላረፉና ለቀስተኛው ግማሽ ወሬ ይዞ ስለተመለሰ ነው።

ጋሽ ለሜሳ የቁራሌውን ጋሪ ተከትለው ሄደው ፈረሶቹን በገዛ ደመወዛቸው መልሰው ገዙ። በእኔ ግቢ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር አቆምናቸው። የመጫወቻውን ደወል ከወንጂ ፈልገው አመጡ። የመግቢያው ሰሌዳ መልካሳ አንዲት ባልቴት ዘንድ የዶሮ ቤት በር ሆኖ ተገኘ፤ ለሴትዮዋ ጠንካራ በር ሠርተው ከገጠሙላቸው በኋላ ነው የወሰዱት።

አቶ ደረጀ መንገድ ላይ ሲያገኟቸው «ለሜሳ፣ አንተም ቁራሌ ሆንክ?» ብለው ሳቁ።

«ቁራሌማ መልሶ ይሸጣል፣ ጌታዬ» አሏቸው።

አንድ ቀን እኔም ፈረሶቹን ላሳምር ብዬ ብሩሽ ባነሳ ጋሽ ለሜሳ ተቆጡ። «ተይ ዘነቡ! አንገቱን የላጡት የልጆች እጆች ናቸው። እሱን ከቀባሽው ምኑን አስቀመጥነው?» ከእርጥብ ጨርቅ በቀር አያስነኩም ነበር። ድሮ የጋለቡ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ጋሽ ለሜሳ የልጅቱን መዳፍ በተላጠው ላይ ያሳርፉና «ያዥ፤ የእናትሽ ቦታ ነው» ይሏት ነበር። እናትየዋ ፊቷን ስታዞር ስንቴ አይቻለሁ።

አምና አቶ ደረጀ ለከተማው ኤግዚቢሽን አንዱን ፈረስ ተውሰው ወሰዱ። ሲመለስ ቀይ ቀለም ተለቅልቆ፣ ደረቱ ላይ «በአቶ ደረጀ ተጠብቆ የቆየ» ተብሎ ተጽፎበታል። ጋሽ ለሜሳ ጽሑፉን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። አንገቱን ዳሰሱና «ልጆቹን አጠፏቸው» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በቀብራቸው ዕለት ደግሞ አቶ ደረጀ ድንኳን ውስጥ ተነሥተው «እኔና ለሜሳ ያዳንናቸው ፈረሶች» አሉ። ለቅሶ ቤት ክርክር ነውር ነውና ዝም አልኩ።

ጋሽ ለሜሳ፣ ይህ ከተማ የጣለውን ልጅነቱን እርስዎ አንሥተው አቆዩለት። ከጎንዎ በመቆሜ እኮራለሁ። አፈሩ ይቅለልዎ። በሠልስትዎ ማግሥት አቶ ደረጀ የቀሩትን ፈረሶች ሊወስዱ መኪና ይዘው መጡ። በሩን አልከፈትኩም። ሲሄዱ ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጬ ለልጅዎ ለጫልቱ ሰጠኋት።